የቀይ ሽፋኑ ሒሳብ፦ የቅናሽ እትም ጌም ጎጃም ሲደርስ

ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ የፕሌስቴሽን ሲዲ ከሞባይል ቻርጀርና ከጆይስቲክ ጎን የሚደረደርበት ሱቅ ገብታችሁ ከላይ ቀይ መደብ ያለው፣ «ፕሌስቴሽን ሂትስ» የሚል ሽፋን ብታነሱ ሻጩ ከሁለት አንዱን ነው የሚላችሁ። ወይ «እሱ የድሮ ነው ወንድሜ፣ ቀንሼ ልስጥህ»፤ ወይ ደግሞ «እሱማ ሂት የሆነው ነው፣ ዋጋው ይለያል»። ሁለቱም ልክ አይደለም። ቀዩ መደብ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጌሙ በጊዜው በደንብ ተሽጧል፣ አሁን ደግሞ በዝቅተኛ ዋጋ ዳግም ታትሟል። አርጅቷል አይልም፤ ሙሉ ነውም አይልም።

እኔ የምቆመው «ሙሉ ነውም አይልም» የሚለው ላይ ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ክልል ለሚኖር ተጫዋች የአንድ ጌም ዋጋ የሚለካው ዲስኩ ላይ በተጻፈው ልክ ነው። «ቀሪውን ከኢንተርኔት አውርዱ» የሚል ዲስክ ዱባይ ለተቀመጠ ሰው ርካሽ ሊሆን ይችላል። ሞጣ ወይም ቢቸና ሲደርስ ግን በሙሉ ዋጋ የተገዛ ግማሽ ዕቃ ነው።

የቅናሽ እትም አዲስ ፈጠራ አይደለም። (ከዚህ በታች የጌም ዓመቶችን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ኒንቴንዶ በ1996 «ፕሌየርስ ቾይስ» የሚል መለያ ሲጀምር መስፈርቱ አንድ ሚሊዮን ቅጂ መሸጥ ነበር። ሶኒ በ1997 በሰሜን አሜሪካ «ግሬተስት ሂትስ»ን አመጣ፤ ለመጀመሪያው ፕሌስቴሽን አንድ ጌም ገበያ ላይ ዓመት መቆየትና 150,000 ቅጂ መሸጥ ነበረበት፣ በፕሌስቴሽን 2 ዘመን ቁጥሩ 400,000 ደረሰ። አውሮፓ ላይ ይኸው ነገር «ፕላቲነም» ተብሎ ብርማ ሽፋን ለበሰ፣ ጃፓን ላይ «ዘ ቤስት» ተባለ። ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ አሜሪካ ላይ «ፕላቲነም ሂትስ»፣ አውሮፓ ላይ «ክላሲክስ» አለው። ኒንቴንዶ በ2011 «ኒንቴንዶ ሴሌክትስ» ብሎ ስሙን ቢያድስም ስዊች ለሚባለው ማጫወቻው ግን ይህን መለያ አላወጣም፤ የስዊች ጌም ሁለተኛ እጅ እንኳ ዋጋው የማይወርድበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። አሁን በብዛት የምናየው ቀዩ «ፕሌስቴሽን ሂትስ» የመጣው በሰኔ 2018 ነው፤ ያኔ የአሜሪካ ዋጋው 19.99 ዶላር ነበር።

ለምን እንደሚረክስ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ጌሙን ለመሥራት የወጣው ገንዘብ በመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ ተመልሷል፣ ዲስክ ማተም ራሱ ብዙ ወጪ የለውም፣ ኮንሶሉን (የጌም ማጫወቻውን) ዘግይቶ የሚገዛው ሰው ደግሞ 60 ዶላር አውጥቶ የአምስት ዓመት ጌም አይገዛም። ስለዚህ ለዘገየው ሰው የዘገየ ዋጋ ይወጣል። እኛ ሁላችንም የዘገየን ነን፤ በዚህ ገበያ መዘግየት ጉዳት የለውም።

ወደ ብር ሲመጣ ግን ሌላ ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 20 ዶላር ማለት 1,140 ብር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፣ ያው 20 ዶላር ከ2,000 ብር በላይ ሆነ። በዚህ ላይ የአምጪው ትርፍና ዓባይን አቋርጦ የሚመጣበት ኪራይ ይጨመራል። የቅናሽ እትም ቅናሹ አዲስ አበባ ሳይደርስ ግማሹ ይበላል። ሻጩ ተመሳሳዩን ጌም በሰማያዊ መደብና በቀይ መደብ በተለያየ ዋጋ ካስቀመጠ፣ ከጎን የተጻፈው የዲስኩ ቁጥር አንድ ከሆነ፣ ርካሹን ያዙ። የሽፋን ቀለም የሚያሳስበው ሰብሳቢዎችን ነው፤ እነሱ የመጀመሪያውን ኅትመት ስለሚፈልጉ ቀዩ ሁለተኛ እጅ ሲሆን ይበልጥ ይወርዳል። ለሚጫወት ሰው ይሄ ጥቅም ነው።

በድሮዎቹ ኮንሶሎች ላይ የኋለኛው ኅትመት ከፊተኛው የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር። ያኔ አፕዴት የሚባል ነገር ስላልነበረ ስህተት የሚታረመው ዲስኩ እንደገና ሲታተም ብቻ ነው። ግራን ቱሪዝሞ 2 አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ ሲወጣ ሁሉንም ውድድር ብትጨርሱም ቆጣሪው 98.2 ከመቶ ላይ ቀጥ ይል ነበር፤ በኋለኞቹ ኅትመቶች ታረመ። ሳይለንት ሂል 2 በአሜሪካው የፕሌስቴሽን 2 «ግሬተስት ሂትስ» እትም ላይ መጀመሪያ ያልነበረ አንድ ሙሉ ተጨማሪ ምዕራፍ አለው። ተቃራኒውም አለ፦ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ኮዱ ውስጥ ተደብቆ በተገኘው ወሲባዊ ክፍል ምክንያት በ2005 ከተነሣው ውዝግብ በኋላ የታተመው ዲስክ ያ ክፍል ወጥቶለት ነው። ፕሌስቴሽን 2 ላላችሁ እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው፤ ብርማውን የአውሮፓ ወይም ቀዩን የአሜሪካ ሽፋን አትናቁት።

ከፕሌስቴሽን 3 ወዲህ ግን ሕጉ ተገለበጠ። እርማቱ በኢንተርኔት ስለሚመጣ አታሚው ዲስኩን ለማደስ አይቸኩልም። ቀዩ መደብ ውስጥ ያለው ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ቀን የወጣው ራሱ ነው። ብለድቦርን ጥሩ ማሳያ ነው፦ በቀይ መደብ የሚሸጠው በመጋቢት 2015 የወጣው ዋናው ጌም ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኅዳር የመጣው «ኦልድ ሃንተርስ» የሚባለው ክፍል የለበትም። ያንን በዲስክ ከፈለጋችሁ አውሮፓ ውስጥ የታተመውን «ጌም ኦፍ ዘ ይር» እትም መፈለግ አለባችሁ። በአንጻሩ ሆራይዘን ዜሮ ዶውን «ኮምፕሊት ኤዲሽን» የሚለው «ፍሮዝን ዋይልድስ»ን ዲስኩ ላይ ይዟል፤ ዘ ላስት ኦፍ አስ ሪማስተርድም «ሌፍት ቢሃይንድ»ን እንዲሁ። ሁለቱም በቀይ መደብ ወጥተዋል። ኢንተርኔት ለሌለው ቤት ከእነዚህ ሁለቱ የተሻለ ግዢ አላውቅም፤ አንድ ዲስክ፣ ምንም ሳይጎድል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስትሪት ፋይተር 5 ነው። በ2016 ሲወጣ ብቻውን ለሚጫወት ሰው የለመድነው አርኬድ ሞድ (ከማሽኑ ጋር ተራ በተራ መፋለም) እንኳ አልነበረውም፤ እሱ የመጣው በጥር 2018 በ«አርኬድ ኤዲሽን» ነው። የድሮው ዲስክ ያለው ሰው በነጻ ማውረድ ይችላል፣ ማውረድ የሚችል ከሆነ። የማይችል ሰው እጅ ላይ ግን የ2016ቱ ዲስክ ሁልጊዜም የ2016 ነው።

ሽፋኑ ጀርባ ላይ በትንሽ ፊደል የሚጻፈውን አንብቡ። ተጨማሪ ክፍሎችን በ«ዳውንሎድ ኮድ» ይሰጣል የሚል ከሆነ ያ ኮድ ወረቀት ላይ ታትሞ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ አንዴ ብቻ ይሠራል፣ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ከታተመበት አካባቢ አካውንት ውጭም አይቀበልም። የፕሌስቴሽን ስቶር አገር ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ስለሌለች እኛ ጋ ያለው አካውንት ሁሉ የአሜሪካ፣ የኤምሬትስ ወይም የሌላ አገር ተብሎ የተከፈተ ነው፤ አንዴ የተመረጠ አገር ደግሞ አይቀየርም። የአውሮፓ ዲስክ ገዝታችሁ በአሜሪካ አካውንት ተጨማሪ ክፍል ብትገዙ ገንዘቡ ይሄዳል፣ ክፍሉ ዲስኩን አያገኘውም። ዋናው ጌም ግን ይሠራል፤ የፕሌስቴሽን 4 ዲስክ የአገር ገደብ የለውም። የፕሌስቴሽን 2 ግን አለው። በፕሌስቴሽን 3 ዘመን ደግሞ «ኦንላይን ፓስ» የሚባል ጣጣ ነበር፦ የፊፋ ጌም ሠሪው ኢኤ በ2010 ጀምሮት በ2013 የተወው፣ ሁለተኛ እጅ የገዛ ሰው ኦንላይን እንዳይገባ የሚያግድ ኮድ። የዚያን ዘመን ርካሽ ዲስክ ስታዩ ኦንላይኑን ከሒሳብ አውጡት።

ዲስኩ የየት እንደሆነ ለመለየት ፊት ለፊት ያለውን የዕድሜ ምልክት ተመልከቱ። ባለቀለም ካሬ ውስጥ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ካለ የአውሮፓው ፔጊ ነው። ጥቁርና ነጭ ሳጥን ውስጥ ዘንበል ያለ የላቲን ፊደል ካለ የአሜሪካው ኢኤስአርቢ ነው። የዐረብኛ ጽሑፍ ካለው ለመካከለኛው ምሥራቅ የታተመ ነው። ሽፋኑ በስፓኒሽ ወይም በጣሊያንኛ ስለሆነ ብቻ አትተዉት፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው እንግሊዝኛ አለ፣ ጀርባው ላይ የቋንቋ ዝርዝር ይገኛል። በፕሌስቴሽን 4 ጌም ላይ ከጎን በኩል «ሲ-ዩ-ኤስ-ኤ» ብሎ የሚጀምረው አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር የጌሙ መታወቂያ ነው። ሴቭ (የደረሳችሁበት ተቀምጦ የሚቆየው ፋይል) የሚታሰረው በዚህ ቁጥር ነው። ወንድማችሁ ግማሽ ያደረሰውን ጌም በሌላ እትም ልትቀጥሉ ካሰባችሁ ቁጥሩ አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

አሁን ወደ ኳሱ። ጎጃም ውስጥ ጌም ቤት ገብቶ ከኳስ ውጭ ሌላ ነገር ሲጫወቱ ማየት ብርቅ ነው፤ ስለዚህ «የፊፋው ቅናሽ እትም የታለ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በዚህ መንገድ አትጠብቁት። የኳስ ጌም በየዓመቱ ስለሚወጣ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ራሱ ዋጋውን ይጥላል፤ የሊግና የክለብ ስምም በውል የተያዘ ስለሆነ እንደ ሌላው ጌም ለዓመታት ሲታተም አይኖርም። ኢኤ ከፊፋ ጋር ተለያይቶ በመስከረም 2023 ስሙን «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ሲያደርግ የድሮዎቹን ፊፋዎች ከኦንላይን ስቶሮች አውጥቷቸዋል። ዛሬ ፊፋ 23ን በሕጋዊ መንገድ እገዛለሁ ለሚል ሰው የቀረው ዲስክ ነው፤ በዚህ ምክንያት ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ የፊፋ ዲስክ ከምትጠብቁት በላይ ቢጠራባችሁ አትገረሙ።

በኮንሶል ስንከፍለው፦ ፕሌስቴሽን 2 ላይ የመጨረሻዎቹ ፊፋ 14 እና ተፎካካሪው የኳስ ጌም ፔስ 2014 ናቸው፤ ፕሌስቴሽን 3 ላይ ፊፋ 19 እና ፔስ 2018። የፕሌስቴሽን 3 ፊፋ 18 እና 19 «ሌጋሲ ኤዲሽን» ተብለው የወጡ ናቸው፤ ማሊያና ዝውውር ተቀይሯል እንጂ አጨዋወቱ ያው ነው። እዚህ ላይ ለ19 ኙ ተጨማሪ ብር መክፈል ለተጫዋቾች ዝርዝር ብቻ መክፈል ነው፤ ደንበኛው «ሮናልዶ ዩቬ ነው እንጂ» ብሎ የሚያኮርፍ ከሆነ ክፈሉ፣ ካልሆነ 18ቱ ይበቃል። በፕሌስቴሽን 4 ፊፋ ላይ ደግሞ ኪክ ኦፍ (ነጠላ ግጥሚያ) እና ካሪየር (ክለብ ወይም ተጫዋች ይዞ ለዓመታት መጓዝ) ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ አልቲሜት ቲም (የራስን ቡድን በኦንላይን መገንባት) አይሠራም። ዲስኩ ላይ ያለው ስኳድ ዲስኩ ሲታተም የነበረው ነው፤ የጥር ዝውውር የለበትም።

ለጌም ቤት ባለቤት እንግዲህ ሒሳቡ ይሄ ነው። አንድ ጨዋታ 20 ብር ታስከፍላላችሁ ብንል፣ በ2,500 ብር የተገዛ ዲስክ በ125 ጨዋታ ራሱን ይመልሳል። ኳስ ወይም ድብድብ ከሆነ ሁለት ቅዳሜ አይፈጅም። ቀይ መደብ ላይ ያሉት ግን በአብዛኛው ብቻህን ተቀምጠህ አሥራ አምስት ሰዓት የምትከተላቸው የታሪክ ጌሞች ናቸው። ወረፋ የያዘ ሰው ቆሞ እያየ አንዱ ልጅ ተራራ ሲወጣ ማንም አይከፍልም። እነሱን ለቤት ግዙ። ሌላም አለ፦ ኪልዞን ሻዶ ፎልን የመሰለ ኦንላይኑ የተወደደለት ጌም ዲስኩ ይኖራል እንጂ ሰርቨሩ በነሐሴ 2022 ተዘግቷል፤ የሊትል ቢግ ፕላኔት 3ም እንዲሁ በ2024 አብቅቷል። ሊትል ቢግ ፕላኔት ግን አንድ ቤት ውስጥ እስከ አራት ሰው ስለሚያጫውት ልጆች ላሉበት ቤት አሁንም እመክረዋለሁ።

ዲስኩን ስትመረምሩ ሻጩ ፊት ለፊት መሆኑ አያሳፍራችሁ። ከሳጥኑ አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ዘንበል አድርጉት። ከመሐል ወደ ዳር የሄደ ቀጭን ጭረት ብዙ ጊዜ አያስቆምም፤ ማንበቢያው በአንድ ዙር የሚያጣው ትንሽ ስለሆነ በእርማት ኮዱ ይሞላዋል። ዲስኩን ተከትሎ እንደ ቅስት የዞረ ጭረት ግን አንድ ተከታታይ ቦታ ስለሚያጠፋ አደገኛ ነው። የመሐል ቀዳዳውን ዙሪያ ተመልከቱ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ መልሱት፣ ሲሽከረከር ይሰፋል።

ጭረት በጥርስ ሳሙና ይወጣል የሚባለው ሁሉም ላይ አይሠራም። ሲዲ ላይ ዳታው ያለው ከላይ፣ ሥዕሉ ሥር ነው፤ ከታች 1.2 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ አለ። ዲቪዲ ላይ መሐል፣ 0.6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ስለዚህ የፕሌስቴሽን 1 እና 2 ዲስክ ታች በኩል ቢፋቅ በማለስለስ ሊድን ይችላል። ብሉሬይ ላይ ግን ዳታው ከታችኛው ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፣ በላዩ ላይ ጠንካራ ልባስ አለ። የፕሌስቴሽን 3፣ 4 ወይም 5 ዲስክ በጥርስ ሳሙና ካሻችሁት የምታነሱት ያንን ልባስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያድነው የለም። ጣት አሻራና አቧራ ከሆነ በለስላሳ ጨርቅ፣ በትንሽ ውኃ፣ ከመሐል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረጉ፣ እያዞራችሁ አይደለም። ከታች ሰማያዊ የሆነ የፕሌስቴሽን 2 ዲስክ ሁሉ ኮፒ ነው ማለትም ስህተት ነው፤ በሲዲ የታተሙት ኦርጅናሎች ቀለማቸው እሱ ነው።

ሲጫን የሚበላሸው ደግሞ አብዛኛው በመብራትና በአፕዴት ነው። ፕሌስቴሽን 4 ዲስኩን ሙሉ ለሙሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ዲስኩ የሚፈለገው ስትከፍቱ ለማረጋገጫ ነው። ለአንድ ትልቅ ጌም 50 ጊጋ ገደማ ባዶ ቦታ ያዙ። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ውስጥ ገብታችሁ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን ምልክት አጥፉ፤ ካልሆነ ዲስኩ ሲገባ አፕዴቱን ማውረድ ይጀምርና ካርዳችሁን ይበላዋል። አንዳንድ ጌም ግማሽ ላይ «ጀምር» ይላል፤ መጀመር ትችላላችሁ፣ ዲስኩን ግን መስመሩ ሳይሞላ አታውጡ። ሲጨርስ ጌሙ ላይ ቆማችሁ ኦፕሽንስን ተጭናችሁ «ኢንፎርሜሽን» ብትገቡ ዲስኩ የያዘው ቨርዥን ይታያል።

መሐል ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ «ዳታው ተበላሽቷል» ካለ ያንን ጌም ሰርዛችሁ እንደገና ከዲስኩ ጫኑ፤ ሴቭ ለብቻው ስለሚቀመጥ አይጠፋም። ኮንሶሉ ራሱ ከተንገዳገደ አጥፉትና የማብሪያውን ቁልፍ ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ፣ ሰባት ሰከንድ ገደማ፣ ተጭናችሁ ያዙ። ጆይስቲኩን በገመድ አገናኙና ከሚመጣው ዝርዝር 5 ቁጥርን፣ «ሪቢልድ ዳታቤዝ»ን ምረጡ። 6 እና 7 ቁጥር ሁሉንም ያጠፋሉ፤ ከእነሱ ራቁ። አፕዴት የግድ ከሆነ ደግሞ ከ250 ጊጋ ጀምሮ ያለ ዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ላይ ጌሙን ጭናችሁ፣ ዋይፋይ ባለበት ባሕር ዳር አውርዳችሁ፣ ዳንግላ ወይም ፍኖተ ሰላም ያለው ፕሌስቴሽን ላይ ከነዲስኩ መሰካት ይቻላል። ከመንቀላችሁ በፊት ከሴቲንግስ ማላቀቅ አትርሱ።

ኮንሶሉን ከማርቆስ ብርድ አውጥታችሁ ባሕር ዳር ሙቀት ውስጥ ካስገባችሁት ወዲያው አታብሩት። ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ደኅና ዲስክ «አይነበብም» ይላል፣ እናንተም ዲስኩን ትወነጅላላችሁ። ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

ክራክ በተደረገ (ኮፒ ጌም እንዲያጫውት መቆለፊያው በተሰበረ) ፕሌስቴሽን 4 ላይ ኦርጅናል ዲስክ ልትሞክሩ ካሰባችሁ፣ ዲስኩ ሲስተም አፕዴት ከጠየቀ እሺ አትበሉ፤ እሺ ካላችሁ ክራኩ ሄደ። የሚጠይቀው ዲስኩ የተዘጋጀበት ጊዜ ከእናንተ ሲስተም ሲዘገይ ነው፤ ሽፋኑ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ሻጩ የራሱ ኮንሶል ላይ እንዲያስገባው አድርጉ፣ መጫን ሲጀምር መስመሩ ቢያንስ ለአምስት ደቂቃ ሳይቆም እንደሚሄድ እዩ፣ «መብራት የለም» ካላችሁ ደግሞ መብራት ሲመጣ ተመለሱ እንጂ ሳያሳይ አትክፈሉ።